የቫኑ ወለል እስኪመረጥ

ልጄ ብሩኪ መኪና ገዛ ሲባል እልል ያልኩት እኔው ነኝ። አፌን በቆረጠው! ቶሮንቶ፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር ካለው ፎቁ ሥር ወርጄ ሳየው፣ ከፊት ሁለት ወንበር፣ ከኋላ ባዶ ቆርቆሮ፤ መስኮት እንኳ የለው። ድሮ ዳቦ ይመላለስበት ነበር አሉ። "እማዬ፣ አድቬንቸር ቫን ነው" አለኝ። አድቬንቸር ምንድነው ብዬ ብጠይቀው፣ ጫካ ሄዶ መኪና ውስጥ ማደር ነው አለኝ። እንግዲህ አስተምሬ ለወግ ያበቃሁት ልጅ፣ ሞቅ ያለ ቤት እያለው የዳቦ መኪና ውስጥ ማደር ካማረው ምን እላለሁ? "ይቅናህ" አልኩት።

ደግሞ እኔም ጉዳይ ነበረኝ። ጓደኛዬ ኤልፍነሽ ሰድበሪ በምትባል ከተማ ነው ያለችው፤ ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን በመኪና ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ከኤልፍነሽ ጋር አዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል፣ ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል፣ እሷ ጋ ልጄን ጥዬ ገበያ ውዬ መጥቻለሁ። አሁን ልጇ ወስዳት እዚያ የአረጋውያን መኖሪያ ገብታለች። ብሩኪን ልጠይቅ ካናዳ እንደገባሁ ብደውልላት፣ "አንቺ ደረቅ! እስካሁን አልሞትሽም?" ብላ ጮኸችብኝ። በሳቅ ፈረስኩ። ከዚያ ልጇ ስልኩን ተቀብላ፣ ራቅ ብላ፣ "እትዬ እታገኝ፣ ቶሎ ይምጡ። ሰው መርሳት ጀምራለች፤ ዛሬ ያወቀችውን ነገ አታውቅም" አለችኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሌላ ምኞት አልነበረኝም፤ ኤልፍነሽ ሳትረሳኝ ሄጄ ዓይኗን ማየት ብቻ።

ለብሩኪ ነገርኩት። "ችግር የለም እማዬ፤ በቫኑ ይዤሽ እሄዳለሁ። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ አንቺ ነሽ" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። "ወለሉን ብቻ ልጨርስ።"

ይቺ "ወለሉን ብቻ" የምትል ነገር ናት ጉድ የሠራችኝ።

ቫኑ የብሩኪ ብቻ አይደለም፤ የሦስት ጓደኛሞች ነው። ፍራኦል ሴንት ጄምስ ታውን የሚኖር ነርስ ነው፤ ዙበይር ደግሞ ኤሌክትሪሻን። ቅዳሜ ሳሎን ተሰበሰቡና፣ የእኛን ሰው ታውቁት የለ፣ ወለል ከመምረጣቸው በፊት ሊቀመንበር መረጡ! ብሩኪ ሊቀመንበር፣ ፍራኦል ጸሐፊ፤ ዙበይር ብቻውን ሕዝብ ሆኖ ቀረ።

"አጀንዳችን አንድ ነው" አለ ብሩኪ ጉሮሮውን ጠርጎ። "የማይበላሽ፣ በቀላሉ የሚጸዳ ወለል። ሪሰርች አድርጌያለሁ። ቪኒል ነው፤ እንጨት የሚመስለው ፕላስቲክ።"

"እሱማ ብርድ ሲመታው መገጣጠሚያው ይከፈታል" አለ ፍራኦል። "ጎማ ነው የሚያዋጣን። ጭቃ ገባ፣ ደም ገባ፣ ውሃ መልቀቅ ብቻ ነው።"

"የምን ደም ነው እናንተ? ሽርሽር አይደለም እንዴ የምትሄዱት?" ብዬ ከኩሽና ጮህኩ።

ዙበይር ፕላይውድ አንጥፈን፣ ቫርኒሽ ቀብተን እንሂድ አለ፤ እኔ ኮምፐርሳቶ የምለውን ማለቱ ነው። ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ወለል፣ አንድ አንድ ድምፅ። ሊቀመንበሩ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አስተላለፈው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ናሙና መጣ። ኤግሊንተን ዌስት፣ ያ ለዓመታት ሲቆፈር የኖረው መንገድ ዳር፣ አንድ የጃማይካ ሰው ሱቅ አለ አሉ፤ ከዚያ የወለል ቁርጥራጭ ተሸክመው ገቡ። ሳሎኑ ውስጥ እግር ማሳረፊያ ጠፋ። በቁልፍ ይፍቃሉ፣ መዶሻ ይጥሉበታል፣ ጎንበስ ብለው ያሸቱታል። "ማዘር፣ እስቲ ይቺን ይርገጧት፤ ምን ይሰማዎታል?" ይለኛል ፍራኦል። ጉልበቴን ያመኛል፤ ሌላ ምን ሊሰማኝ ነው?

ከዚያ ያመጡትን ጉድ ስሙ። ፈረንጅ በቪዲዮ ላይ ወለል የሚፈትነው ኬቻፕ አፍስሶ ነው አሉ። "እኛ ግን ኬቻፕ አይደለም የምንበላው" አለ ሊቀመንበሩ። "በራሳችን ምግብ ቴስት እናድርገው።" ጠዋት ተነስቼ፣ ሽንኩርት ሳቁላላ ያረፈድኩበትን ቀይ ወጥ፣ ያን ከአገር ያመጣሁት ቅቤ የገባበትን፣ በጭልፋ እየቀዱ ናሙናው ላይ ደፉት! ዓይኔ እያየ! "እናንተ የጤና ነው?" ብዬ ጭልፋውን ነጠቅኋቸው።

"ማዘር፣ የበርበሬ ቀለም የማይለቅ ከሆነ ዋጋ የለውም" ይለኛል ነርሱ፣ ሰዓቱን እያየ። ወጤን ለወለል አብልተው፣ እነሱ ማታ ፒዛ አዘዙ።

በዚያው ሳምንት ለኤልፍነሽ ደወልኩ። "የትኛዋ እታገኝ?" አለችኝ። ደረቅዋ ናታ አልኳት። "አዎ… አዎ፣ አንቺ ነሽ" አለች፤ ድምጿ ግን ልቤን አላሳረፈውም። ብሩኪን አስቀመጥኩና፣ "ሴትዮዋ እየረሳችኝ ነው። ከፊት ሁለት ወንበር አለህ፤ እኔና አንተ ቁጭ ብለን እንሂድ" አልኩት።

"እማዬ፣ ወለል በሌለው መኪና? የመጀመሪያ ጉዞ እኮ አንዴ ነው፤ ቪዲዮ እንቀርጻለን። የሚቀጥለው ሳምንት፣ ፕሮሚስ።"

"ታዲያ በአውቶቡስ አሳፍረኝ።"

"ቫን እያለኝ እናቴን በአውቶቡስ? ሰው ምን ይለኛል?" ብሎ አኮረፈ። አያችሁልኝ? ቫን ያለው ሰው እናቱን በአውቶቡስ አይልክም፤ ቤት አስቀምጦ ያስረሳታል እንጂ። እኔ ሞኟ ደግሞ ልጄ ከሚቀየመኝ ብዬ ነገሩን ተውኩት።

ከዚያ ፍራኦል ተገነጠለ። የቴሌግራም ግሩፑን ለቆ፣ "ጎማ ብቻ" የሚል ሌላ ግሩፕ ከፈተ። ዙበይር ሁለቱም ግሩፕ ውስጥ አለ፤ ምስኪን፣ ሕዝብ ነዋ! ለማስታረቅ ሽማግሌ ያስፈልጋል ተባለ፤ ሽማግሌውም ያው ዙበይር ሆነ። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ አግኝቶኝ፣ "ማዘር፣ እኔ በባዶውም ቢሆን እወስድዎት ነበር፤ ቁልፉ ግን ሊቀመንበሩ ጋ ነው" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እነሱ ሲጣሉና ሲታረቁ ሰመር የሚሉት ሙቀት ሊያልቅ ሆነ፤ የእኔም መመለሻ ደረሰ።

አንድ እሁድ እንደገና ደወልኩ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ስለደወሉልኝ አመሰግናለሁ" አለችኝ ኤልፍነሽ። እርስዎ አለችኝ! ዕድሜዋን ሙሉ አንቺ ብላ ስትሰድበኝ የኖረች ሴት አከበረችኝ። በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ብድግ ብዬ ያንን ናሙና አንድ በአንድ ኮሪደሩ ላይ ወረወርኩት። ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከፍቶ ያየኛል። "ኤልፍነሽ ጋ ካልወሰድከኝ ልጄ አይደለህም!" አልኩት ብሩኪን።

ጉባኤው ያቃተው ነገር በአንድ ጩኸት ተፈታ፤ በማግስቱ ወለል ተመረጠ። ሁሉንም ያስማማል የተባለው ተጠቅልሎ መጣ። ሲዘረጉት አየሁና ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። የፕላስቲክ ምንጣፍ! መርካቶ በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጠው፣ እኔ ቤት አንጥፌ ብሩኪን ዳዴ ያስባልኩበት! "ሮል ቪኒል ነው እማዬ፤ ሌላ ነገር ነው" አለኝ። እሺ፣ ሌላ ነገር ይሁንልህ። ደግሞ ማጣበቂያው እስኪደርቅ እግር እንዳይነካው ተባለና ሌላ ሳምንት አለፈ።

ጊዜው ደርሶ ስንነሳ ፍራኦልና ዙበይር ሥራ ነበሩ፤ እኔና ብሩኪ ብቻችንን ሆንን። ምንጣፉን እስከ ፊት ወንበሮቹ ድረስ አንጥፈውታል። አንድ እግሬን ሳነሳ፣ "እማዬ፣ ጫማሽን" አለኝ። በቀላሉ ይጸዳል ተብሎ ሰመሩን ሙሉ የተመረጠ ወለል፣ እንዳይቆሽሽ በካልሲ ተሳፈርኩበት! ጫማዬን በፌስታል ታቅፌ ሰድበሪ ደረስኩ። መንገዱ ሐይቅ በሐይቅ ነበር፤ እኔ ግን ምን እንደምላት ስለማመድ አንዱንም ልብ አላልኩትም።

የኤልፍነሽ ልጅ በሩ ላይ ተቀበለችንና ክፍሏ ድረስ ወሰደችን። ኤልፍነሽ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች፤ ከስታለች፣ ጸጉሯን ግን አሳምረው ሠርተውላታል። ብሩኪ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ቁጢጥ አለና ወለሉን በጣቱ አንኳኳ። "እማዬ፣ ይሄ የሆስፒታል ቪኒል ነው። ጠርዙን እይው፤ ግድግዳው ላይ ወጥቷል" አለኝ በሹክሹክታ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ኤልፍነሽ ከወንበሯ ልትነሳልኝ ሞከረች። "ይግቡ፣ ይግቡ። እዚህ ይቀመጡ። ከሩቅ ነው የመጡት?"

"ኤልፊ፣ እታገኝ ነኝ።"

ፊቴን ደህና አድርጋ አየችው። ከዚያ እንዳታስቀይመኝ ተጠንቅቃ ራሷን ነቀነቀች። "አይ፣ አይደሉም። እታገኝንማ አውቃታለሁ፤ ጓደኛዬ ናት። ትመጣለች ብለውኝ እየጠበቅኋት ነው።" በሩን አየት አደረገች። "ቆየችብኝ። ምን ሆና እንደቀረች ሰምተዋል?"

ወደ ልጄ ዞርኩ። ቁጢጥ እንዳለ ነው፤ መዳፉ ወለሉ ላይ ቀርቷል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

"ወለል እየተመረጠ ነው" አልኳት።

ኤልፍነሽ ሳቀች። ያው ሳቋ ነው፣ ምንም አልጎደለውም። "ኧረ ይተዉ! እታገኝን አያውቋትም ማለት ነው" አለችኝ፣ እጄን ቸብ ቸብ እያደረገች። "እኔን ለማየት እሷ እንኳን ወለል፣ መኪናም አትጠብቅም።"