የአማቹ ዋንጫ

ወይዘሮ ተናኘወርቅ የፒያሳውን ቡና ቤት ከሟች ባላቸው ሲረከቡ፣ ከባንኮኒውና ከካራምቡላው ጠረጴዛ ጋር አንድ ግድግዳም ተረክበዋል። ባላቸው ገብረዮሐንስ በብስክሌት እሽቅድምድም ስማቸው የተነሣ ሰው ነበሩ፤ ከደብረ ዘይት ደርሰው ሲመለሱ ጉሮሯቸው በአቧራ ተዘግቶ ውሃ ስጡኝ ማለት እንኳ ያቅታቸው ነበር። የእሳቸው ፎቶግራፍ መሐል ላይ፣ ዙሪያውን ደግሞ ሯጮች፣ ቦክሰኞችና ኳስ ተጫዋቾች ተሰቅለዋል። ማን እንደሚሰቀል የሚወስኑት ተናኘወርቅ ብቻ ናቸው። መለኪያቸውም አጭር ነበር፤ "ሲጨርስ ያለከልካል ወይስ አያለከልክም?"

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አማቻቸው ፈቀደ ከልጃቸው ከጽጌ ጋር መጣ። ፈቀደ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ከፈረንጆች ጋር የሚሠራ የመሥሪያ ቤት ሰው ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ፈታው። ፎቶግራፍ ነው፣ መስተዋት የገባለት። ፈቀደ ራሱ፣ ነጭ ሱሪ ለብሶ፣ በአንድ እጁ ቀጭን ዱላ በሌላው ዋንጫ ይዞ ይስቃል።

"በጎልፍ ፈረንጆቹን በሙሉ አሸንፌ አንደኛ ወጣሁ፣ እትዬ። ከነዚህ ጋር ቦታ ይኑረኝ ብዬ ነው" አለ፣ ግድግዳውን በዓይኑ እየለካ።

ተናኘወርቅ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። ሱሪው ላይ ጭቃ የለም። ሸሚዙ ብብቱ ሥር እንኳ አልራሰም። ከሠርግ ቤት እንጂ ከውድድር የወጣ ሰው አይመስልም።

"ለመሆኑ አቶ ፈቀደ፣" አሉ። አማቻቸውን ሲወዱት "ልጄ"፣ ሲንቁት "አቶ" እንደሚሉት ጽጌ ስለምታውቅ ፊቷን ወደ ደጅ መለሰች። "ኳሷ ስትሄድ ማን ነው ተከትሏት የሚሮጠው?"

"ማንም አይሮጥም። በእርምጃ ሄደን እንደርስባታለን።"

"እስከዚያ ትጠብቃችኋለች?"

"ትጠብቃለች።"

"የሚቀማችሁስ?"

"የሚቀማ የለም።"

"ጨዋ ኳስ ናት" ብለው ፎቶውን መለሱለት።

ጥግ ይዞ ሻይ የሚጠጣው ልብስ ሰፊው ሙሄ ሳቁን በብርጭቆው ሸፈነ። ፈቀደ ፊቱ ቀላ፤ ግን አልተቆጣም። "ሳያዩ አይፍረዱ፣ እትዬ። ቅዳሜ እወስድዎታለሁ።"

ቅዳሜ ሦስቱም በፈቀደ ቮልስ ወደ ጎልፉ ሜዳ ሄዱ። ተናኘወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሣሩ ዳር ቆሙ። ያዩት ነገር ንቀታቸውን አባሰው። ቦርጫም ጎልማሶች ወገባቸውን እያወዛወዙ አንዴ ይመቱና ሲጋራ ይለኩሳሉ። ዱላቸውን የሚሸከምላቸው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

"የገዛ ዱላውን የማይሸከም ስፖርተኛ!" አሉ ለጽጌ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

ፈቀደ ሰምቶ ኖሮ ዱላውን ይዞ መጣ። "እስቲ እርስዎ ይሞክሩት።"

ተናኘወርቅ እንጨት ፈልጠው ያደጉ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ዱላውን ተቀበሉና ሰነዘሩ። ኳሷ ንቅንቅ አላለችም። ደገሙ፤ አፈሩ ተገምሶ ጫማቸው ላይ ተበተነ። ሲሠልሱ ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ነዘራቸውና ዱላውን ጣሉት። ፈቀደ አነሣው፤ ትንፋሹን ሰብስቦ መታ። ኳሷ እንደ ወፍ ተነሥታ፣ ከዛፎቹ በላይ አልፋ፣ ባንዲራው አጠገብ አረፈች። ተናኘወርቅ ደነገጡ። ይህን ብዙ ሰው እንደማይችለው ገባቸው።

ሲመለሱ መኪናው የቸርችል ጎዳናን ዳገት ሲጀምር ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ "ከባድ ነው" አሉ።

ፈቀደ ፊቱ በራ።

"ከባድ ነው። በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባትም ከባድ ነው። ሙሄን ግን ስፖርተኛ ያለው የለም።"

"እንግዲያው አይሰቅሉልኝም ማለት ነው?"

"እሰቅልሃለሁ እንጂ። ዓይንና እጅ አለህ፤ ቦታህን አውቄዋለሁ።"

ሰኞ ጠዋት ሚስማር መትተው ሰቀሉት፤ ግን ከጓሮ፣ ካራምቡላ የሚጫወቱበት ክፍል ውስጥ። ቀኑን ሙሉ ከዚያ ጠረጴዛ የማይጠፋው ተጫዋች ካላዩ የካራምቡላ ዱላውን ተደግፎ አንጋጦ አየው።

"እትዬ ተናኘ፣ እኛም እኮ ክብር አለን" አለ። "እኛ ዱላችንን ለሰው አናሸክምም።"

ተናኘወርቅ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ነገሩ እስከ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተወራ፤ ከፈቀደም ጆሮ ደረሰ። በሳምንቱ መጥቶ የታዘዘለትን ማኪያቶ ሳይቀምስ ወደ ጓሮ ገባ። ፎቶውን አወረደ፤ በብብቱ ይዞ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

በቀጣዩ እሑድ ጽጌ ብቻዋን መጣች።

"እማዬ፣ በመሥሪያ ቤት እኮ ፈረንጆቹ ሁልጊዜ ከበላዩ ናቸው" አለች። "የበለጣቸው እዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ያንን አንቺ እንድታዪለት ነበር የፈለገው።"

ተናኘወርቅ ብርጭቆ ማድረቃቸውን አላቋረጡም። ነገሩ ግን ወጋቸው።

"እንዲህ ብሎኝ ቢሆን መኝታ ቤቴ እሰቅለው ነበር" አሉ። "እሱ ግን ስፖርተኛ ነኝ ብሎ መጣ።"

"አሁን ልንገረው?"

"ምን ብለሽ? አሁንም ስፖርት አይደለም።"

ጽጌ ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች። ተናኘወርቅ ከባንኮኒው የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ፈቀደ የሚወደውን ባለክሬም ኬክ አውጥተው በወረቀት ጠቀለሉና አስያዟት። ለማን እንደሆነ አልተናገሩም።