ስንጥቁ ላይ የተለጠፈ መስታወት

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የዚያ ተራራ ሆድ ግን ባሰ። መሿለኪያውን የሚቆፍሩት ሰዎች ጠዋት ብረት የማይደፍረው አለት ይገጥማቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ እንደ ረጠበ ሳሙና የሚያዳልጥ ጭቃ ይወርድባቸዋል። አንዳንዴም ግራው አለት ቀኙ ጭቃ ይሆናል፤ ያኔ ፈንጂውም ማሽኑም ግራ ይጋባል። ትንሽ ይገፋሉ፣ ብረት ያቆማሉ፣ ሲሚንቶ ይረጫሉ፣ ከዚያ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ።

የቁፋሮው ፎርማን እዚያው ተዳፋት ላይ ያደገ ሰው ነው። እናቱ አሁንም ከዋሻው አፍ በላይ ባለችው ቤት ብቻዋን ትኖራለች። እሱ ሥራ ፈትቶ ስንት ዓመት የእሷን ጡረታ ሲካፈል ኖሯል። ይህን ሥራ ያገኘ ዕለት እሷ በደስታ አለቀሰች፤ እሱ ደግሞ በእፍረት።

ቁፋሮው ወደ ውስጥ ሲዘልቅ የእናቱ ቤት ግድግዳ ተሰነጠቀ። የቁፋሮው መሐንዲስ ስንጥቁን የሚያቋርጥ ቀጭን መስታወት እንዲለጠፍ አዘዘች። ፎርማኑ ራሱ ጄሶ በጥብጦ ለጠፈው።

«ይኼ ደግሞ ምን ይሠራል?» አለች እናቱ።

«ከተሰበረ ተራራው ተንቀሳቀሰ ማለት ነው፤ ያኔ ሥራውን አቁመን አንቺን ከዚህ እናወጣሻለን። አታስቢ።»

«ሥራው ይቆማል? ያንተም?»

«የሁላችንም ነዋ፣ እማዬ!» ብሎ ሳቀ። የተረፈውንም ጄሶ የአይጥ ጉድጓድ ድፈኚበት ብሎ ተወላት።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ እየመጣ መስታወቱን በጣቱ ይዳስሳል። ደህና ነው። አንድ እሑድ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአባቱ ፎቶ መስታወት የለውም። አባቱ በሕይወት ሳለ በሩን ሲቀባ አረንጓዴ ቀለም ፈናጥሮበት፣ ጥጉ ላይ ጠብታዋ ደርቃ የቀረችበት መስታወት ነበር።

«አባዬን ምን ነካው?»

«አቧራውን ስጠርግ አመለጠኝ፣ ልጄ። እጄ እንደ ድሮው መሰለህ?»

«ይሁን፣ እሱም ትንሽ ነፋስ ያግኝ።»

ተሳሳቁ።

ዝናቡ ሲጠና ዋሻው ውስጥ የቆሙት ብረቶች መጉበጥ ጀመሩ። ከግድግዳው የሚንጠባጠበው ውሃም ደፈረሰ። መሐንዲሷ አላማራትም።

«የእናትህ ቤት መስታወትስ?» አለችው።

«ንቅንቅ አላለም፣ ኢንጂነር። ትናንት በእጄ ዳስሼዋለሁ።»

እሷም አመነችው። በገዛ እናቱ ቤት ማን ይዋሻል? ላዩ ከጸና ችግሩ የውስጥ ነው ብላ ብረት አስጨመረችና ቁፋሮው ቀጠለ። ተራራው ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ተዳፋቱ ተንዶ ግማሹን ቤት ይዞት ወረደ። ከዋሻው የወጡት ሠራተኞች በአካፋ፣ ፎርማኑ በጥፍሩ ጭቃውን ቆፈሩ። እናቱን በነፍስ አወጧት። የተሰነጠቀው ግድግዳ አጠገቧ ተጋድሟል፤ መስታወቱ መሐል ለመሐል ተሰብሯል። ዳሩን የሸፈነው ጄሶ ረግፎ ጥጉ ላይ አንዲት አረንጓዴ ጠብታ ታየችው።

ሥሩ ያለው ጄሶ እሱ የለጠፈው ነው። በላዩ ሌላ ጄሶ አለ፤ በጣት የተለሰነ፣ የጣቶቿ ፈለግ የቀረበት። የእሱ መስታወት ተሰብሮ ነበር። እሷ የባሏን ፎቶ አራቁታ ተክታዋለች።

ሐኪም ቤት አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። ሊቆጣት አማረው፤ እግሯ ላይ ወድቆ ይቅር በይኝ ሊላትም አማረው። ከተሰበረ ሥራው ይቆማል ብሎ ያስፈራራት ራሱ ነው፤ እያጽናናት መስሎት። ከመስኮቱ ማዶ ተራራው ጥግ የቆሙት ማሽኖች ድምፅ የላቸውም፤ ዋሻው ተዘግቷል፣ ሠራተኛው ሁሉ ተበትኗል።

ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶ ተስፋ እንደሌላት ነገረው። ተመልሶ እጇን ሲይዝ ዓይኗን ገለጠች።

«ልጄ… ሥራው ቆመ እንዴ?»

ጎንበስ አለላት።

«አልቆመም፣ እማዬ። ነገ እገባለሁ።»

«ተመስገን» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም።