ሠላሳ ሁለተኛዋ ቀለህ

ሚስተር ፕሮሰር ሁለት ዓመት ሙሉ ጠመንጃቸውን ሲወለውሉ ብቻ ኖሩ። ቀኝ ዓይናቸውን የሞራ ግርዶሽ ሸፍኖት ስለነበር፣ እሑድ እሑድ ወደ ተኩስ ሜዳው ከእኛ ጋር ይመጡና ከኋላ ወንበር ዘርግተው ይቀመጣሉ።

«ባርናቢ መታ?» ይሉኛል።

«መታ» እላቸዋለሁ።

«እንዳትዋሸኝ።»

«መታ።»

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሜዳው ላይ ከአፌ የወጣው ቃል አብዛኛው ይኸው ነው።

ኪት እባላለሁ። በሽሮፕሸር ኮረብታዎች ላይ የፈረሰ የድንጋይ ካብ መልሼ እክባለሁ። ድንጋይ ወሬ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ሥራው ይስማማኛል። ሚስተር ፕሮሰርን ያወቅኋቸው የበጎቻቸውን ካብ ልጠግን ሄጄ ነው። አንድ ቀን ውሃ ልጠይቅ ወደ ጓሮ ስዞር፣ በትንሿ የእንጨት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ባዶ ቀለህ ሲሞሉ አየኋቸውና በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ወይ ግባ ወይ ውጣ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «በር ላይ የሚቆም ሰው ብርሃን ይጋርድብኛል።»

ገባሁ። ይኸው አምስት ዓመት ሆነኝ። ፖሊስ ጣቢያ የጠመንጃ ፈቃድ ሳመለክት ስለ ጠባዬ የመሰከሩልኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት ስለ እኔ ለማንም ምንም የጻፈ ሰው አልነበረም።

እኛ ዘንድ የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም። ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ በእጅ መጫኛ ማሽኑ ቅርጹ ይስተካከላል፣ ቂጡ ላይ አዲስ እሳት ጫሪ ይገባለታል። ከዚያ እጀታ ባለው መስፈሪያ ባሩድ ይሰፈርበትና አረሩ ከላይ ተጭኖ ይዘጋል። ሚስተር ፕሮሰር ለዚህ የሚሆን ሃምሳ ጉድጓድ ያለው ጣውላ በእጃቸው ሠርተዋል። ያልተሞላ ቀለህ አፉን ወደ ታች ይደፋል፤ የተሞላው አፉን ወደ ላይ ይቆማል። ሃምሳው ከሞላ በኋላ የእጅ ባትሪ ይበራና የእያንዳንዱ ቀለህ ውስጡ ይታያል። ለእኛ ጥይት የሚበቃው ባሩድ ጥቂት ነው፤ የቀለሁን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ሁለት ጊዜ ቢጨመርበት አይፈስም፣ አያስታውቅም። አረሩ ከተዘጋ በኋላ ምን እንዳለበት የሚያውቀው ጠመንጃው ብቻ ነው። በመጨረሻም የሞላው ሰው ስሙንና ቀኑን በሣጥኑ ላይ ይጽፋል።

አንድ ሌላ ሕግ አላቸው። ባሩድ እየሰፈርክ ሳለ ሰው ካነጋገረህ፣ የሞላኸውን በሙሉ ወደ ዕቃው ትመልስና ከአንድ ትጀምራለህ። ንጉሡም ቢሆን ያነጋገረህ።

ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የምሞላው እኔ ነበርኩ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው በጆሯቸው ይከታተላሉ። የመስፈሪያው እጀታ አንዴ ወደ ታች አንዴ ወደ ላይ ሲል ድምፁን ይቆጥራሉ።

በጸደይ ሐኪሞቹ ግርዶሹን ገፈፉላቸው። ግን የመጨረሻው ምርመራ እስኪያልቅ እንዳይተኩሱ ተከለከሉ። ውጤቱ የመጣው በሴፕቴምበር፣ የዓመቱ የብረት ሳህን ተኩስ ውድድር ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ባሩድ እየሰፈርኩ ሠላሳ አንደኛው ላይ ደርሼ ነበር። ሠላሳ ሁለተኛዋን አንስቼ አፏን ወደ ላይ አድርጌ ጉድጓዷ ውስጥ ሳቆማት በሩ ተከፈተና ሚስታቸው ኦልዌን ገቡ። ስልኩ ገና በእጃቸው ነበር።

«ሃይድን፣ ሐኪሞቹ ደወሉ። ድኗል አሉ። ነገ መተኮስ ትችላለህ አሉ።»

ሚስተር ፕሮሰር መነጽራቸውን አውልቀው መስኮቱን አዩ። ኦልዌን ግንባራቸውን ሳሙና ወደ እኔ ዞረው እኔንም ሳሙኝ። ወደ ጣውላው ተመለስኩና እጀታውን ሳብኩ።

ያን ጊዜ መድፋት ነበረብኝ። ሁሉንም መልሼ ከአንድ መጀመር ነበረብኝ። ግን ደስታው እጄ ላይ ደርሶ ነበር፤ እየተቻኮልኩ የቀረውን ሞላሁ። ባትሪውን ሳነሳ ሚስተር ፕሮሰር ከበሩ ሆነው፣ «ተወው አሁን፣ ና የሥጋ ፓዩ ሳይቀዘቅዝ እንብላ» አሉኝ። ባትሪውን መልሼ አስቀመጥኩት። አረሮቹን ዘጋሁ። በሣጥኑ ላይ ስሜን አጥርቼ ጻፍኩ።

እሑድ ጠዋት ጭጋጉ ቶሎ ተነሳ። የተኩስ ሜዳችን የቆየ የድንጋይ ካባ ነው፤ የተቆረጠው ገደል ከኋላ ጥይቱን ይቀበላል። የሜዳው ኃላፊ ቶራ ለእያንዳንዱ ተኳሽ አሥር የብረት ሳህን በመደርደሪያ ላይ አቁማለች።

«ኪት፣ የሆነ ነገር ተናገር እንጂ» አለችኝ። «መምጣትህን በምን ልወቅ?»

«ደህና አደርሽ» አልኳት።

«በቃ፣ የዛሬውን ጨረሰ» አለ ሥጋ ሻጩ ባርናቢ። ከዚያ ወደ ሚስተር ፕሮሰር ዞሮ፣ «ሳህኖቹን ወደ እርስዎ ላስጠጋልዎት እንዴ?» አላቸው።

«አንተ ሥጋውን ወደ ቋሊማህ አስጠጋ። ባለፈው የሸጥክልኝ ግማሹ ዳቦ ነበር።»

ሁሉም ሳቁ። ቶራ ግን ሁልጊዜ እንደምታደርገው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና ሕጉን ተናገረች። «አቁሙ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ታቆማላችሁ። እንግዳ ይሁን፣ ሕፃን ይሁን፣ የባርናቢ ውሻ አፍ አውጥቶ ቢናገር እንኳ ታቆማላችሁ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ጠመንጃውን አስቀምጦ ይጠይቃል።»

ሚስተር ፕሮሰር በመጀመሪያው ዙር ሰባት ጣሉ። በሁለተኛው ስምንት፣ በሦስተኛው ዘጠኝ። በየዙሩ መሀል ወደ እኔ ዞር ይሉና፣ «ጠርዛቸው ይታየኛል፤ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ሳይቀር ይታየኛል» ይሉኛል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ያን ጠዋት ግን ጉንጫቸው እንደ ልጅ ቀልቶ ነበር። እኔም ከኋላቸው ቆሜ፣ ያን ዓይን ላዳኑት እጆች በልቤ ምስጋና አቀርብ ነበር።

አራተኛው ዙር የመጨረሻው ነው። ከሣጥኑ አራተኛውን ረድፍ፣ ከሠላሳ አንድ እስከ አርባ ያሉትን፣ በተራ አቀበልኳቸውና በተራ አጎረሷቸው። በእሳቸው ጠመንጃ፣ መጨረሻ የገባችው ጥይት መጀመሪያ ትወጣለች።

ከባርናቢ ጋር ጎን ለጎን ተኮሱ። አንድ ሳህን፣ ሁለት፣ ሦስት። ስምንት ጊዜ ተኩሰው ስምንቱን ጣሉ። ባርናቢ ሁለት ስቷል።

ዘጠነኛው ላይ ሳህኑ አልወደቀም።

የባርናቢ ጠመንጃ በዚያው ቅጽበት ስለጮኸ ሌላው ሰው ምንም አልሰማም፤ ሁላችንም የጆሮ መከላከያ አድርገናል። እኔ ግን የሚስተር ፕሮሰርን ትከሻ እያየሁ ነበር። በየተኩሱ ወደ ኋላ የሚገፋው ትከሻ አልተገፋም። ከአፈሙዙም ጭስ አልወጣም። እሳቸው የሳቱ መስሏቸው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ጥይት የሚያጎርሰውን ማንሻ አንድ ጊዜ ታች ላይ አሉት። ባዶው ቀለህ እግሬ ሥር ወደቀ። የመጨረሻዋ ጥይት ገባች። ጉንጫቸውን ሰደፉ ላይ መልሰው ጣሉ፤ ያ ዓይን ከብረቱ አንድ ስንዝር አይርቅም።

ጥይቷ ባሩድ እንዳልነበራት ያን ጊዜ ገባኝ። እሳት ጫሪዋ ብቻዋን አረሩን ገፍታ አፈሙዙ ውስጥ ወትፋዋለች። ቀጣዩ ሲተኮስ ብረቱ ይፈነዳል።

«አቁሙ» አልኩ። ለራሴም አልተሰማኝም። የሚስተር ፕሮሰር ጣት ቃታው ላይ ገባ።

«አቁሙ!»

ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም። ገደሉ መልሶ ጮኸው። ቶራ ወዲያው «አቁሙ!» ብላ ደገመችው፤ ባርናቢ ጠመንጃውን አወረደ። ሚስተር ፕሮሰር ጣታቸውን አወጡ። ማንሻውን ከፍተው ጥይቷን አወጡና ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ዓይኔ ነው፣ አይደል?» አሉኝ። «ዘጠነኛዋን ሳትኳት።»

«አልሳቱም» አልኳቸው። «አረሯ አልወጣችም።»

ቶራ የነሐሱን ዘንግ አምጥታ ከአፈሙዙ በኩል ሰደደችው። መሀል ላይ ጠቅ ብሎ ቆመ። አውጥታ በአውራ ጣቷ የገባበትን ልክ ይዛ ለሁሉም አሳየች።

«ሣጥኑ የት አለ?» አለች።

በላዩ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ጊዜ አልሰጠኋትም። «የሞላሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ባትሪውን አላበራሁም።»

«ተው ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ሚስተር ፕሮሰር።

«እጁ የእኔ ነው።»

ቶራ ሁለታችንንም አየች። ከዚያ ሚስተር ፕሮሰር ያወጧትን ጥይት ይዛ መኪናዋ ውስጥ ካለው ዕቃ መሀል ሆዱ ክፍት የሆነውን የጥይት መፍቻ መዶሻ አመጣች። ጥይቷን በመዶሻው ሆድ ውስጥ አስገብታ ድንጋይ ላይ ሦስት ጊዜ መታችው፤ አረሩ ተላቀቀ። ባሩዱን ትንሿ ሚዛን ላይ አፈሰሰችው። ቁጥሩን አይታ ሚዛኑን ወደ እኛ አዞረችው።

እጥፍ ነበር። ኦልዌን ሲገቡ መስፈሪያው ገና ሠላሳ አንደኛዋ ላይ ነበር፤ የሠላሳ ሁለተኛዋን ድርሻ እሷ ላይ ደርቤ፣ አፏን ወደ ላይ ያቆምኳትን ደግሞ ተሞልታለች ብዬ አልፌያታለሁ። የተወተፈው አፈሙዝ ላይ ሊተኮስ የነበረው ይህ ነው።

ባርናቢ ባርኔጣውን አወለቀና መልሶ አደረገው። «ሚስተር ፕሮሰር» አለ፣ «ቋሊማውን በሚመለከት... ነገ ብቅ ይበሉ።»

ማንም አልሳቀም፤ እሳቸው ግን ትከሻውን መታ አደረጉት። የቀሩትን አሥር ጥይቶች እዚያው ፈታናቸው፤ ሁሉም ደህና ነበሩ። ቶራ የሆነውን መዝገብ ላይ አሰፈረች። እኔ ፈቃዴን እንድመልስ ትጠይቀኛለች ብዬ ቆሜ ስጠብቅ ብዕሯን ኪሷ ከተተች።

«በዚህ ሜዳ ላይ የራሱን ጥፋት ደብቆ የተባረረ ሰው አውቃለሁ» አለችኝ። «ጮኾ የተናገረ ግን ሲባረር አላየሁም። ሂድ ሻይ ጠጣ።»

በሳምንቱ ቅዳሜ በአደራ ሰጥተውኝ የነበረውን የጓሮዋን ቤት ቁልፍ ልመልስ ሄድኩ። ምን እንደምል መንገድ ላይ እለማመድ ነበር፤ በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ሚስተር ፕሮሰር በእኔ ወንበር ሳይሆን በራሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ጣውላው ተዘርግቷል፤ ሃምሳ ቀለህ አፉን ደፍቶ ቆሟል። በእጃቸው የእጅ ባትሪ ይዘዋል።

ቁልፉን ከበሩ ሆኜ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነው።»

«እኔ ዘንድ አንድ አለኝ። ወይ ግባ ወይ ውጣ፤ ብርሃን እየጋረድክብኝ ነው።»

ገባሁ።

«አንተ ትሞላለህ፣ እኔ አያለሁ» አሉኝ። «ሁለት ዓመት በአንተ ዓይን ስኖር ቆየሁ። ያን ቀን ደግሞ ባትጮህ ይህችም ዓይኔ አትኖረኝም ነበር። አሁን ሥራ ልስጣት።»

ላመሰግናቸው ፈለግሁ። ስለ ፈቃዱም፣ ስለ አምስቱ ዓመትም፣ ስለ ወንበሩም። አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«እየሰፈርክ አትናገር» አሉኝ። «ሕጉን ታውቃለህ።»

እጀታውን ወደ ታች፣ ወደ ላይ። ሃምሳውን ጨረስኩ። ሚስተር ፕሮሰር መነጽር ሳያደርጉ ጎንበስ ብለው፣ ባትሪውን በእያንዳንዱ ቀለህ አፍ ላይ እያበሩ ጮክ ብለው ቆጠሩ። ሠላሳ አንድ ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሠላሳ ሁለት ላይም እንዲሁ።

«የባሩዱን ፍሬ አንድ በአንድ አያለሁ» አሉ።

በሩ በቀስታ ተንኳኳ። ኦልዌን ከውጭ ሆነው ጠበቁ እንጂ አልከፈቱም።

«ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው» አሉ ከበሩ ኋላ።

ሚስተር ፕሮሰር ወደ አንድ ተመልሰው ባትሪውን አበሩ።

«ይቀዝቅዝ» አሉ። «ስላነጋገርሽን ቆጠራውን ከአንድ ጀምረናል።»