የጥላ ሥራ

ቢምረው ሦስተኛው ፎቅ ሳይደርስ ደረጃው ላይ ቀረ። በግራ እጁ የብረቱን ድጋፍ ጨብጧል፤ በቀኙ ከገበያ የገዛውን ድንች ይዟል። እግሩን ሊያነሣ ሞከረ፤ ጭኑ እንቢ አለው። ከላይ አንዲት ጎረቤት ስትወርድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሸለቆውን የሚመለከት መሰለ። በዕብራይስጥ "ቦከር ቶቭ"፣ እንደምን አደርህ፣ ብላው አለፈች። ዱካዋ ሲጠፋ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ጨምድዶ ያዘና እግሩን እንደ ዕቃ አንሥቶ ቀጣዩ ደረጃ ላይ አስቀመጠው።

ቀና ሲል ሚስቱ ሸጋዬ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

"እስከ መቼ ነው መስኮት የምታይ?"

"ደክሞኝ ነው። ሌሊቱን ቆሜ አድሬ።"

"ድካምማ ሲተኙ ይለቃል። ያንተ ከፋሲካ ወዲህ ባሰበት እንጂ መቼ ለቀቀህ? ዛሬ አትተኛም። ኩፓት ሆሊም፣ ሐኪሙ ዘንድ፣ ተራ ይዤልሃለሁ።"

"አልቤር ቢሰማስ? ለበሽተኛ ማሽን ማን ይሰጣል?"

"አልቤር ደረጃውን ተሸክሞ ያወጣሃል?" አለችና ድንቹን ተቀበለችው።

ከሱዳን ከመጡ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። የሚኖሩት እስራኤል ውስጥ፣ አፉላ ኢሊት በሚባል የኮረብታ ሰፈር ነው። ቢምረው ታች በኢንዱስትሪ ቀጠናው፣ የፍራፍሬ ማሸጊያ በሚያመርት ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። አለቃው አልቤር ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ የካርቶን መቁረጫውን ማሽን በኃላፊነት ሊሰጠው ቃል ገብቷል። ከጎንደር ከመጡት ሠራተኞች እስካሁን ማሽን የተሰጠው የለም።

ቢምረውን የሚያኮራው ግን ማሽኑ ብቻ አይደለም። አባቱም አያቱም በሰው መሬት ላይ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ያረሱ ናቸው። እሱ ጥላ ውስጥ ይሠራል። ማለዳ ከፋብሪካ ሲመለስ ትሪሱን፣ ያንን የመስኮት መዝጊያ፣ እስከ ታች ያወርድና ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል፤ ሲነሣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ቅዳሜ ሲወጣም ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ነው። እጀ ጉርድ የለበሰ ጎልማሳ ሲያይ፣ "ይኼ ሰውዬ ያጣው ሥራ ነው ወይስ ልብስ?" ይላል።

ሐኪሙ ከሮማኒያ የመጣ፣ ትዕግሥተኛ መሆን የሚፈልግ ግን ጊዜ የሌለው ሰው ነበር። የምታስተረጉመው ፋናዬ የምትባል ወጣት ናት፤ ዕብራይስጡን ከብዙዎቹ ቀድማ የያዘች፣ አነጋገሯም አረማመዷም ፈጣን።

"እንዴት ነዎት ይላል" አለች።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።"

"እግርዎትስ?"

"ይመስገን። እሱስ እንዴት ነው? ልጆቹ ደህና ናቸው?"

ሐኪሙ ትከሻውን ሰብቆ የሚቀጥለውን ሰው ሊያስጠራ እጁን ወደ ደወሉ ሰደደ። ሸጋዬ ከኋላ፣ "ደህና ከሆንህ ምን ልታደርግ መጣህ?" አለች።

ፋናዬ ሐኪሙን በእጇ ምልክት አቆመችው። "አያ ቢምረው፣ ይስሙኝ። ከአንቱ በፊትም ሰዎች 'ይመስገን' እያሉ ገብተው 'ይመስገን' እያሉ ወጥተዋል። ሥራ ጠልተው ነው ተብሎ ተመለሱ። ሰላምታ በር ላይ ያልቃል። እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጡ የሚናገሩት የሚያምዎትን ነው።"

"በልጅ ፊት ጭኔን አመመኝ ልበል? ነውር አይደለም?"

"ደረጃ ላይ መቅረትስ?"

ቢምረው ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ተናገረ፤ አንዴ ከጀመረ በኋላም አላቋረጠም። ጭኑ እንደማይታዘዘው፣ የእግሩ አጥንት ሲነካ እንደ ቁስል እንደሚያመው፣ ሲራመድ እንደ ዳክዬ እንደሚወዛወዝና ሰው እንዳያይበት ከሁሉ ኋላ እንደሚሄድ። ሐኪሙ አሁን ብዕሩን አነሣ። በእጁ ሳይደገፍ ከወንበር እንዲነሣ አዘዘው። ቢምረው ሞከረ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ደም ተወሰደለት።

ውጤቱ ሲመጣ ሦስቱም እንደገና ሐኪሙ ፊት ተቀመጡ።

"ቫይታሚን ዲ የሚባለው ነገር ከሰውነትዎት አልቋል" አለች ፋናዬ። "እሱ ሲጠፋ አጥንት ይለሰልሳል፣ ሥጋም ይዝላል። ከምግብ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ሰውነት ራሱ ነው የሚሠራው፣ ፀሐይ ገላን ስትነካ።"

"ፀሐይ? ዕድሜዬን ሙሉ ፀሐይ ሲበላኝ የኖርሁ ሰው!"

"እሱ የጎተራ እህል ነበር። ሳይጨምሩበት በልተው ጨረሱት።"

ሐኪሙ ጥቂት አከለ። ፋናዬ ሳታለሳልስ አስተላለፈችው። "ጥቁር ገላ ከነጭ ይልቅ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል ይላል።"

የቢምረው ፊት ተለወጠ። "እንግዲህ ጥቁረቴም በሽታ ሆነ?"

"አልሆነም። ሸጋዬ ከአንቱ ትቀላለች? እሷ ግን ኡልፓን ሄዳ ዕብራይስጥ ስትማር፣ ገበያ ስትወርድ በፀሐይ ነው፤ ደረጃውን እየሮጠች ትወጣዋለች። የአንቱ በሽታ ትሪሱ፣ ኮቱና የሌሊት ሥራው ነው። ከፋብሪካችሁ ወንዶች የመጡት ሁሉ እንዲህ ናቸው። የቀን ሥራ ይያዙ ብሏል። ጠብታም ያዝልዎታል።"

"ጠብታ? መርፌ የለውም?"

"የለውም።"

"መርፌ የማይወጋ ሐኪም!" አለ ቢምረው ወደ ሚስቱ ዞሮ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማሽኑን ልያዝና ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ብሞቅስ? ጠይቂልኝ።"

ፋናዬ ሐኪሙን አልጠየቀችም። "ይኼን እኔው እመልስልዎታለሁ። ማሽኑን የሚሠሩት ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ነው። በዚህ እግር ይወድቃሉ። ያን ጊዜ ማሽንም የለ፣ እግርም የለ።"

አውቶቡሱ ሽቅብ ሲወጣ ቢምረው ቀድሞ ተናገረ። "በቀን ያለው ሥራ የግቢው ሣጥን ጥገና ብቻ ነው። ሰው ምን ይላል? ማሽን ሊይዝ ነው ሲባል የነበረ ሰው ግቢ ወርዶ ሣጥን ሲመታ?"

"ይበል" አለች ሸጋዬ። "ይኼ እግር አባቴን አዝሎ አርማጭሆን አቋርጦ ሱዳን የገባ እግር ነው። ለካርቶን አልሰጠውም።"

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቢምረው ፈረቃው ሳይጀምር አልቤር ቢሮ ገባ። አልቤር ከሞሮኮ በልጅነቱ የመጣ፣ ሲናገር ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ነው። ቢምረው ባለችው ዕብራይስጥ፣ እግሩ መታመሙን፣ ቀን ቀን ግቢው ውስጥ የእንጨት ሣጥን መጠገን እንደሚፈልግ ነገረው።

"ግቢው የሽማግሌ ሥራ ነው!" አለ አልቤር። "አንተን ለማሽኑ ስመርጥ ስንቱ ተቆጣኝ መሰለህ? ለጓደኛህ ለታደገ ብሰጠው ነገ እንዳትለምነኝ።"

"አልለምንህም። ለታደገ ስጠው። ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። እሱም ከወንበር ሲነሣ ጉልበቱን ደግፎ ነው።"

"ሐኪም ሆንህ ደግሞ?"

"አይ። በሽተኛ ነኝ" አለ ቢምረው። ቃሉ እንዳሰበው አልከበደውም።

አልቤር ጠረጴዛውን አንዴ መታና፣ "ቤሴደር፣ እሺ" አለ። "ከነገ ጀምር።"

ጠዋት የቢምረው ሥራ ሲጀመር የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች አውቶቡሳቸው ውስጥ እየገቡ ነበር። በግቢው ጥግ ሁለት ሽማግሌዎች ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ሚስማር ይመታሉ። አንደኛው አዲሱን ሰው አይቶ ፈቀቅ አለና ከጎኑ፣ ከመንገድ የማይታይ ጥሩ ቦታ ለቀቀለት። ቢምረው እጅ ነሥቶ አመሰገነው። ቦታውን አየ፤ አውቶቡሱን አየ። የተሰበሩ ሣጥኖች ክምር አጠገብ የነበረውን በርጩማ አንሥቶ፣ ከቆርቆሮው ሥር አውጥቶ፣ ፀሐዩ መሐል ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ አስቀመጠው። እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ።

የአውቶቡሱ መስኮት ተከፈተና የታደገ ራስ ብቅ አለ።

"ቢምረው! ማሽን ትይዛለህ ስንል መዶሻ ያዝህ? ጥላው ጠበበህ እንዴ?"

አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ሳቁ። ቢምረው የመጀመሪያውን ሣጥን በጉልበቶቹ መካከል ያዘ።

"ጉልበትህን ደግፈህ የምትነሣ ሰው ነህ የምትስቅብኝ?" ብሎ ጮኸ። "ና ውረድ፣ የማደርገውን ልንገርህ። አንድ በርጩማ ተርፏል።"