የሐሙስን ገበያ ያስቀረው አባልነት

እናቴን ከሐሙስ ገበያ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ለእሷ ብዬ እንዳልሆነም ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ "እግሯ እንዳይደክም ብዬ ነው" እላለሁ።

አባቴ ከሞተ ጀምሮ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እናቴን በመኪናዬ ካንጋሩ ፍላት ሰፈር ወዳለው ሱፐርማርኬት እወስዳት ነበር። የምሠራው እዚሁ አውስትራሊያ፣ ቤንዲጎ መሀል ከተማ፣ መነጽር ቤት ውስጥ ነው። ሐሙስ ግማሽ ቀን ብቻ ስለምሠራ በሳምንት ውስጥ የራሴ የምለው ጊዜ ያ ብቻ ነው። ያንኑ ጊዜ ጋሪ ተደግፌ አሳልፈዋለሁ። እናቴ ቫልዳ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። ቲማቲም አንድ በአንድ እያገላበጠች ነው የምትመርጠው። የብስኩት ፓኮ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ መነጽሯን አውልቃ፣ መልሳ አድርጋ፣ እንደገና አውልቃ ታነባለች፤ መነጽሩን የሠራሁላት እኔው ስለሆንኩ እሱም ያናድደኛል። በመጨረሻ ደግሞ ገንዘብ ተቀባይዋን ስለ ጉልበቷ ሕመም ትጠይቃታለች። ሴትዮዋም ጠያቂ ያጣች ናት መሰለኝ ከስር ከመሠረቱ ትነግራታለች። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ይረዝማል፣ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

መጋቢት ላይ ስልኬ ላይ አንድ ማስታወቂያ መጣ። የሱፐርማርኬቱ አባል ለሆነ ሰው፣ ከሃምሳ ዶላር በላይ እስካዘዘ ድረስ ዕቃውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቤቱ ድረስ ያመጡለታል። የመጀመሪያው ወር በነጻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ አሥራ አምስት ዶላር ይከፈላል። ብዙም አላሰብኩበትም። በዚያው ሳምንት አሮጌ ታብሌቴን ይዤላት ሄድኩና እንዴት እንደሚታዘዝ አሳየኋት።

"እግርሽ እንዳይደክም ብዬ ነው እማዬ። ብርዱም እየመጣ ነው።"

"ላንቺ የሚቀልሽን አድርጊ፣ ልጄ" አለችኝ።

እኛ ዘንድ ይህ አነጋገር ብዙ ትርጉም አለው። "እሺ" ማለት ሊሆን ይችላል። "እምቢ" ማለትም ሊሆን ይችላል። "ከፍቶኛል፣ ግን አልናገርም" ማለትም ይሆናል። እናቴ "ይሄን እፈልጋለሁ" ከምትል ሞቷን ትመርጣለች፤ እናቷም እንደዚያው ነበሩ፤ እኔም ሳልብስ አልቀርም። እና ከትርጉሞቹ ሁሉ የሚመቸኝን መረጥኩ። በሚቀጥለው ሐሙስ ፀጉሬን ተሠራሁ።

ሁለተኛው ሐሙስ ተኛሁ። ሦስተኛው ላይ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም፤ ደስ ብሎኝ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። ስደውልላት "ደህና ነኝ፣ ዕቃው መጥቷል" ትለኛለች፤ እኔም "ጎሽ" ብዬ እዘጋለሁ። ገበያው ሲቀር መገናኛችንም አብሮ እንደቀረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ ያየኋት አራት ጊዜ ነው፤ አንዱም የመኪናዬን ጎማ ላስነፋ በሰፈሯ ሳልፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ደስ ያለኝ ሐሙስ ይቆረቁረኝ ጀመር። እናቴ መስኮት ሥር ብቻዋን ተቀምጣ፣ የሚያናግራት አጥታ፣ ቲማቲም የምታገላብጥበት ቦታ ናፍቋት ትታየኛለች። ፀጉሬን ባየሁ ቁጥር እሷ ትዝ ትለኛለች።

በዚህ መሀል ከሱፐርማርኬቱ መልእክት መጣ። እስከ እሑድ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ቅናሽ አለ ይላል። መወሰን ነበረብኝና ፐርዝ ላለው ወንድሜ ለግሌን ደወልኩ። ግሌን በእናታችን ጉዳይ ሁሌም አስተያየት አያጣም።

"ስንት ጊዜ አዘዘች?" አለኝ።

"አላየሁም።"

"ሳታይ ነው እንዴ ያዋጣል አያዋጣም የምትዪኝ? የነዳጁን አስቢ። የመኪና ማቆሚያውን አስቢ።"

"ማቆሚያው ነጻ ነው፣ ግሌን።"

"እንግዲያው ጊዜሽን አስቢ። ሐሙስ ከሰዓትሽ ስንት ያወጣል?"

መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

"ለነገሩ ከሰው ጋር የምታወራው እዚያ ብቻ አልነበረም? አሁን እንግዲህ ከግድግዳ ጋር ቀረች ማለት ነው።"

"አንተ መጥተህ አጫውታታ።"

"እኔማ ሦስት ሺህ ኪሎሜትር ርቄ ነው ያለሁት፣ ሬይ። አንቺ አሥር ደቂቃ ነሽ።"

ግሌን ለአፉ ለከት የለውም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰድቤው እዘጋው ነበር። ያን ቀን ግን ልቤ ውስጥ የነበረውን ነገር አውጥቶ ያሳየኝ ስለመሰለኝ "እሺ" ብቻ ብዬ ዘጋሁት። ወዲያውም ወሰንኩ። አባልነቱ ይቋረጣል፣ ሐሙስም እንደ ድሮው ለእናቴ ይመለሳል። ንስሐ እንደገባ ሰው ቅልል አለኝ።

አባልነቱ የተመዘገበው በእኔ ኢሜይል ስለነበር ለማቋረጥ ስልኬ ላይ ከፍቼ ገባሁ። ከመጫኔ በፊት ለግሌን የምመልሰው እንዳላጣ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳዘዘች አየሁ። አሥራ አንድ ጊዜ። ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ሥር ለሾፌሩ ማሳሰቢያ የሚጻፍባት ትንሽ ሳጥን አለች። ሰው እዚያ ላይ "ደጃፍ ላይ አስቀምጠው" ወይም "ከውሻው ተጠንቀቅ" ብሎ ይጽፋል። እናቴ ደብዳቤ ጽፋበታለች።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ "ውድ ሾፌር፣ በሩ ክፍት ነው፤ ቢሆንም ቢያንኳኩ ደስ ይለኛል። ከባድ ዕቃ ስላዘዝኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከአክብሮት ጋር፣ ወይዘሮ ቫልዳ ፕሪቻርድ።"

አራተኛው ላይ ስም ገብቷል፦ "ውድ ናው ፖ፣ ባለፈው በብርቱካን ማርማላታው ምትክ የመጣው የአፕሪኮት ጃም ነበር። ክፉ አይደለም። እንዳይቆጡሽ ለማንም አልተናገርኩም። ቫልዳ።"

ሳቅ አልኩ። ሾፌሯ መቼስ አላነበበችውም ብዬ፣ ደግሞ ምናልባት አንብባው ይሆናል ብዬ፣ ሁሉንም በተራ አነበብኳቸው። አሥረኛው ላይ ቆምኩ።

"ውድ ናው ፖ፣ ዛሬ መንገዱ ያንሸራትታል፤ ቀስ ብለሽ ንጂ። ብትዘገዪም ግድ የለም። ሰው አጠገብሽ ቆሞ 'መቼ ትጨርሺ ይሆን' ሲል እጅ እንዴት እንደሚተሳሰር እኔ አውቃለሁ። ቫልዳ።"

ደግሜ አነበብኩት። እናቴ አጠገብ ቆሞ የጠበቃት ማነው? አባቴ በሕይወቱ ገበያ ረግጦ አያውቅም። ግሌን ፐርዝ ነው። ሌላ ሰው ለማግኘት ብዙ ሞከርኩ። ከዚያ ስልኬን ዘግቼ፣ አባልነቱን ሳላቋርጥ፣ መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

ስደርስ ነጭ የዕቃ ማመላለሻ መኪና ደጇ ላይ ቆሟል። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት አጠር ያለች ሴት ሳጥኖቹን አውርዳ ደረጃው ላይ ደርድራለች። እናቴ በሩን ተደግፋ ትስቃለች። የእናቴን ሳቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

"ዛሬ ድንች አበዙ፣ እማማ ቫልዳ። እንግዳ አለብዎት እንዴ?" አለች ሴትዮዋ።

"እንግዳማ ይቺው መጣች" አለች እናቴ ወደ እኔ እያየች። "ልጄ ናት። እሷ ደግሞ ድንች ያወፍረኛል ትላለች።"

"ማርማላታው ዛሬ ትክክለኛው ነው። ከመጫኔ በፊት ራሴ አየሁት።"

"ልጣጩ በቀጭኑ የተከተፈው?"

"ቀጭኑ።"

የሴትዮዋ ስልክ ጮኸ፤ ቀጣዩ ቤት እየጠበቃት መሆኑ ነው። ሳታየው አጠፋችውና "ዳሌዎትስ እንዴት አደረ?" ብላ ጠየቀቻት። እናቴም ከስር ከመሠረቱ ነገረቻት። ናው ፖ እስክትጨርስ ባዶውን ሳጥን በክንዷ ይዛ ቆማ ሰማቻት።

ወጥ ቤት ገብተን ዕቃውን ማስቀመጥ ስንጀምር የማርማላታውን ጠርሙስ አነሳሁ።

"አንቺ ወፍራሙን አይደል እንዴ የምትወጂው?"

"ማን አለሽ?"

"ሁልጊዜ እሱን ነው የምትገዢው። ከልጅነቴ... አይ፣ አባዬ ከሞተ ጀምሮ እሱ ነው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው።"

"እሱ እጅ የሚደርስበት ቦታ ነው የሚቀመጠው" አለችና ድንቹን ወደ ቅርጫቱ ትገለብጥ ጀመር። "ቀጭኑ ታች፣ መጨረሻው መደርደሪያ ላይ ነው። ማጎንበስ አለበት፣ መነሳት አለበት። ተይው እስቲ እሱን።"

አልገባኝም፤ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግሁም። ይዤው የመጣሁትን የምሥራች ነገርኳት። አባልነቱን ላቋርጠው ነው፣ ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ እንደ ድሮው አብረን እንሄዳለን፣ ብቻሽን አስቀመጥኩሽ፣ አጥፍቻለሁ አልኳት። ጨርቁን አነሳችና ያልቆሸሸውን ጠረጴዛ ወለወለችው።

"ላንቺ የሚቀልሽ እሱ ከሆነ እሺ" አለች።

"ለእኔ አይደለም እማዬ። ላንቺ ብዬ ነው።"

"ለእኔ ከሆነ ተይው።"

እጇ አልቆመም፤ ጠረጴዛውን እየወለወለች ነው። እኔ ግን እንዲህ ስትል በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም።

"ገበያው አይናፍቅሽም?"

"ገበያውማ ይናፍቀኛል።" ጨርቁን አጠፈችው። "ሬይ፣ እንዳትቀየሚኝ። ዕቃ ፊት ስቆም የመኪናሽን ቁልፍ ታንቀጫቅጪ ነበር። እንደምታደርጊው አታውቂውም መሰለኝ። እኔ ለማሰብ ስቆም ከኋላዬ ቁልፉ ይጮሃል። ያኔ የቀረበኝን አነሳና እሄዳለሁ። ወፍራሙ መራራ ነው፤ ለጥርሴም አይመቸኝም።"

"አሥራ አንድ ዓመት?"

"ይበላል እኮ። ምግብ ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መኪና ይዛ፣ ከሥራ ደክማ የመጣች ልጅ ይወቀሳል እንዴ? ውለታሽን መብላት ይሆንብኛል።" ታብሌቱን ከዳቦው ሣጥን ላይ አነሳችና ደረቷ ላይ ያዘችው። "በዚህ ነገር ግን ሰኞ ቁጭ ብዬ እመርጣለሁ። አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። ማክሰኞ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ማንም አይተነፍስብኝም። ናው ፖ ጊዜዋ በደቂቃ የሚቆጠርባት ሠራተኛ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ አላጣደፈችኝም። ውድ ከሆነብሽ ከጡረታዬ እከፍለዋለሁ።"

ሳልወስዳት ቀርቼ የበደልኳት መስሎኝ ስቃጠል ሰንብቼ፣ በደሉ ለካ ስወስዳት ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። "ምንም አይደለም፣ ልጄ" አለችና ሻይ ጣደች። "ምንም አይደለም" ደግሞ ስንት ትርጉም እንዳለው እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት።

እሑድ ጠዋት የዓመቱን ከፈልኩ። ለግሌን "ያዋጣል" ብዬ አጭር መልእክት ላክሁለት።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እሷ ዘንድ ሄድኩ። በሩን ስትከፍት ደንገጥ አለች።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም። ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

"እኔ ደህና ነኝ እኮ።"

"አውቃለሁ። እንዲሁ ነው።"

ሻይ አፈላች፣ በቀጭኑ ማርማላታ ዳቦ ቀባችልኝ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ግሌን ሚስት አወራን። ከዚያ ወሬ አለቀብን። እኔና እናቴ የሚገዛ ነገር ሳይኖር አብረን መቀመጥ እንደማናውቅበት ያኔ አየሁ። ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ፤ ለመማር ጊዜ አለኝ ብዬ ነው። እሷ ግን ሰዓቱን አየችልኝ።

"ሂጂ ልጄ፣ ሥራ ይኖርሻል።"

"ዛሬ ምንም ሥራ የለኝም፣ እማዬ። አልቸኩልም።"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" አለች፣ ለሕፃን እንደሚባለው። ብድግ ብላ ቦርሳዬን ከሶፋው ላይ አመጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። "ስለ መጣሽ አመሰግናለሁ።"

ቦርሳውን ወለሉ ላይ አድርጌ ተጨማሪ ሻይ ጠየቅኋት። ቀዳችልኝ። እስክጠጣው ድረስ በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ።