ዋንጫውን ያመጣችልኝ ቃል

ዐሥር ሺህ የእንግሊዝኛ ቃል በቃሌ አውቃለሁ። የስንቱን ትርጉም እንደማውቅ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ቢጠይቀኝም እዋሸው ነበር።

እኛ ጋ፣ ሜኮንግ ወንዝ ዳር፣ የፊደል ጨዋታ የሚጠናው እንዲህ ነው። ከከረጢት ሰባት የተዘበራረቁ ፊደላት ታወጣለህ፣ ቃል አድርገህ ሰሌዳ ላይ ትደረድራለህ፣ ነጥብህን ትወስዳለህ። አሰልጣኛችን ጠረጴዛ እየደበደበ «ትርጉም ነጥብ አያመጣም! ትርጉም የሚያጠና ይሸነፋል!» ይለን ነበር። ሰፈርተኛው በፓሊ፣ በጥንቱ የቡድሃ መጻሕፍት ቋንቋ፣ የሚጸልየውም አንዱም ሳይገባው ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ማናችንንም አልከነከነንም። የክፍለ ሀገሩን ዋንጫ ሦስት ጊዜ በላሁ።

ጉዱ የመጣው ከዋንጫው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ስለ እኔ «ፕራሳን እንግሊዝኛ ጠጥቷል» አለ። ጎረቤታችን አክስት ቡዋፋን የመድኃኒት ጠርሙስ ይዛ ትመጣና «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ትለኛለች። እኔም ዐይኔን ጠበብ አድርጌ «በኋላ» እላለሁ። ደግነቱ እስካሁን የሞተ የለም።

ታናሽ እህቴ ሙክ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አንድ ብርማ ፒካፕ የሚነዳ ሰው ወንዙን ተሻግሮ ሆቴል ውስጥ እንግዳ የመቀበል ሥራ አለ አለና አራት ገጽ ውል ሰጣት። በእንግሊዝኛ ነው። እናቴ «ወንድምሽ እያለ ምን ያስጨንቅሻል?» ብላ ከምሳው ሩዝ አጠገብ ዘረጋችልኝ። አነበብኩት። የማላውቀው ቃል አልነበረበትም፤ የእያንዳንዱን ነጥብ ሳይቀር እነግርሃለሁ።

«ፊደሌ፣ ይቺስ ምንድን ናት?» አለች ሙክ፣ ጣቷን አንዲት ባለ አራት ፊደል ቃል ላይ አድርጋ። ሁልጊዜ የምትጠራኝ ፊደሌ እያለች ነው፤ ስትናደድ ደግሞ ዋንጫ ራስ።

ሊየን ትላለች ቃሏ። ልቤ ዘለለ። በፍጻሜው ውድድር መጨረሻ ላይ የደረደርኳት እሷን ነበር።

«ይቺማ ወርቅ ናት! ዋንጫውን ያመጣችልኝ!»

«ጥሩ ነገር ነው ማለት ነው?»

«በጣም እንጂ!»

ፈረመች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ከሄደች በኋላ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ስልኳ ዝም አለ። በሃያኛው ጠዋት ራሷ ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ደህና ነኝ። ሥራው ጥሩ ነው። ሰውየው ሐሙስ ይመጣል፣ የአክስት ቡዋፋንን ልጅ ላኩልኝ።»

በዕድሜዋ ወንድም ጋሼ ብላኝ አታውቅም። ከኋላዋ አንድ ወንድ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ስልኩም ተዘጋ። እናቴ «ምን አለች?» ስትለኝ ያለችውን ቃል በቃል ነገርኳት፣ የሰማሁትን ግን ዋጥኩት። እሷም ደስ ብሏት አክስት ቡዋፋን ቤት ሮጠች።

እኔ ሙክ ቤት ትታ የሄደችውን የውሉን ቅጂ ይዤ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ትርጉም ፍለጋ መዝገበ ቃላት ስከፍት በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሊየን፦ ባለ ዕዳው ዕዳውን እስኪከፍል ድረስ ንብረቱን በመያዣ ይዞ የማቆየት መብት። ውሉ ላይ ከአጠገቧ ያለው ቃል ፓስፖርት ነበር፤ እሱን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም። ከዚያ የሚቀጥለውን ፈለግሁ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን። ያለ ፈቃድ ከግቢ አለመውጣት፣ ስልክ ማስረከብ፣ ቅጣት። ስምንተኛው ቃል ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት፤ ፈራሁ።

ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፤ ፖሊሶቹ ስሟን መዘገቡና ወንዙ ማዶ ሥልጣን የለንም አሉኝ። ቤት ተመልሼ ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ ልንገራት?

ሐሙስ ረፋድ ላይ ፒካፑ በራችን ላይ ቆመ። አክስት ቡዋፋን ልጇን ቻንፔንን አዲስ ቀሚስ አልብሳ፣ ሰውየው የሰጣትን የውል ወረቀት ታቅፋ መጣች።

«በል ዶክተር፣ አንብብልን።»

«አክስቴ፣ እኔ እንግሊዝኛ አልችልም።»

ከት ብላ ሳቀች። «ወይ ትሕትና! መደርደሪያው ላይ ያለው ዋንጫ ታዲያ የማን ነው፣ የድመቷ?»

«ቃሉን እንጂ ትርጉሙን አልተማርኩም። ዘንድሮ የነገርኩሽ መድኃኒት ሁሉ ግምት ነው። ልጅሽን አትላኪያት፣ እባክሽ!»

ሳቋ ቆመ። «አሃ! የራስህን እህት ልከህ የኔ ልጅ ስትሆን ቆጨህ? ምቀኛ!»

ወረቀቱን ነጥቄ ቀደድኩት። ሰውየው ከመኪናው ሌላ አወጣ። መኪናው ውስጥ ክምር ነበር።

ቻንፔን ብዕሩን ተቀበለች፤ ግን አልፈረመችም። ትኩር ብላ አየችኝ።

«ፕራሳን፣ ሙክን ጥሩ ነው ብለህ ነው ያስፈረምካት። እዚሁ ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ። የዋሸኸው ያኔ ነው አሁን?»

እናቴ ለእንግዶቹ ውኃ ይዛ ከኋላዬ እንደቆመች አውቄያለሁ። የብርጭቆዎቹ ድምፅ ይሰማኛል።

«ያኔ» አልኩ።

ቻንፔን ብዕሩን መሬት ላይ ጣለችው፣ እናቷን በክንዷ ይዛ ወደ ቤታቸው ጎተተቻት። ሰውየው ወረቀቱን አጣጥፎ መኪናውን አስነሳ። ሮጬ በሩን ያዝኩ፣ «እህቴን መልስ!» ብዬ ጮህኩ፤ እየጎተተኝ ትንሽ ሄደና ጥሎኝ ሄደ።

ጉልበቴ ደም በደም ሆኖ ስመለስ እናቴ ትሪውን እንደያዘች እዚያው ቆማ ነበር።

«ሙክስ?» አለችኝ።