በሩን የገፋው አየር

ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ክፍል በሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከእናቶቹ ክፍል ፊት ለፊት ነበር። በሩ እንጨት ነው። ሲዘጋ ስለሚጮህ ነርሶቹ ቀን ከሌት በወንበር ደግፈው ክፍት ይተዉታል። የእሳት አደጋ መርማሪዋ ወንበሩን አይታ ቁርጡን ነገረቻቸው፤ እሳት የሚያግድ፣ በራሱ የሚዘጋ በር እስከ ሐሙስ ካልተገጠመ ሕፃናቱ ወደ ሌላው ሕንፃ ይዛወራሉ። ያኔ ገና ያላገገሙ እናቶች ለማጥባት ግቢውን ሊያቋርጡ ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ዋርሳዋን ጠራች። የባሏ ታናሽ ወንድም በር ገጣሚ ነው፤ የተጣመመ ነገር ካየ እንቅልፍ ስለማይወስደው ውሃልክ ይሉታል። መጥቶም ሜትሩን ከኪሱ ሳያወጣ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ወጪ ገቢውን ሲያይ አረፈደ።

«በር አምጣ ብልህ ዘበኛ ሆነህ ቀረህ?» አለችው።

«እታለም፣ ነርሶችሽ በር የሚከፍቱት በዳሌያቸው ነው። እጃቸው ሕፃን ይዞ ምን ያድርጉ!»

አስተዳደሩ ያሰበው የብረት በር ነበር። ውሃልክ የአሉሚኒየሙን መረጠ። ለመግፋት ይቀላል፤ ፍሬሙ ውስጡ ሙቀት በማያሳልፍ ነገር ተሞልቷል፤ ድርብርቡ መስታወት ከወዲያ የሚመጣውን ያሳያል፣ እሳት ሲነካው ደግሞ ነጭ ሆኖ ሙቀቱን ይመክታል። ቀን በማግኔት ተይዞ ክፍት ይውላል። የአደጋ ደወል ሲነሳ ማግኔቱ ይለቀዋል፤ ከላይ ያለው የመዝጊያ ክንድም ቀስ ብሎ ይመልሰዋል።

ረቡዕ ሕፃናቱን ለጊዜው ወደ ጎን ክፍል ወስደው በሩ ተገጠመ። ውሃልክ ማግኔቱን አላቀቀ፤ በሩ ተመልሶ ጠቅ አለ። ነርሶቹ አጨበጨቡ።

ሕፃናቱ ተመለሱ፣ መስኮቶቹ ተዘጉ፣ ሙቅ አየር የሚነፋው ማሽን ተከፈተ። በሩ እንደገና ሲለቀቅ ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ ቆመ።

የሲስተር ፊት ጠቆረ። «ነገ መርማሪዋ ስትመጣ የምታሳያት ይህንን ነው?»

«ዳር ዳሩ ላይ ያለውን ጎማ ንቀለው፣ እሱ ነው የከለከለው» አለ የሆስፒታሉ ጥገና ሠራተኛ።

«በእሳት ጊዜ አብጦ ክፍተቱን የሚደፍነው እኮ እሱ ነው። እሱን ከነቀልኩማ መጋረጃ ብሰቅልላችሁ ይሻላል።»

«እንግዲያው ክንዱን አጠንክረው።»

«ያኔ ጓ ይልና ወንበራችሁ ይመለሳላ!»

ውሃልክ ከፋሻ ላይ ክር መዝዞ በክፍተቱ ያዘው። ክሩ ወደ ኮሪደሩ ተዘረጋ።

«ጠዋት መስኮት የከፈተው ማነው?»

አንዷ ነርስ እጇን አወጣች። «እኔ ነኝ ጋሼ፣ እርስዎ ሲሠሩ በሙቀት እንዳይጠበሱ ብዬ…»

«ተባረኪ፤ ደግነትሽ ጉድ ሠራኝ!»

ጠዋት መስኮቱ ክፍት፣ ማሽኑም ጠፍቶ ስለነበር በሩን የሚገፋ አልነበረም፤ አሁን ግን ማሽኑ የሚነፋው አየር መውጫ አጥቶ በሩን ወደ ኮሪደሩ እየገፋ ነበር። ማንም ምንም እንዳይከፍት አዘዘና መሰላል ላይ ወጣ። ክንዱ ሁለት ብሎን አለው፤ አንዱ ረጅሙን መንገድ፣ ሌላው የመጨረሻዋን አንድ መዳፍ ብቻ ያዛል። የመጀመሪያውን አልነካውም። ሁለተኛውን በፀጉር ስንጥቅ ያህል አዞረ፣ በሩን ለቀቀ፣ ጆሮውን አቀና፤ ደግሞ አዞረ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

ሲስተር ፋሻ ይዛ ቀረበች። «ዶክተር፣ ላብዎን ልጥረግልዎ?»

«ቀስ በይ፣ ታማሚው ይሰማናል።»

ሲስተር በብዙ ቀዶ ጥገና ቆማለች፤ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ግን ያየችው ጥቂት ሰው ላይ ነው። በመጨረሻ በሩ ዝግ ብሎ መጣ፣ ጫፉ ላይ ጥቂት በረታ፣ ገጠመ። የተሰማው ድምፅ ጣት ከጣት የመፋተግ ያህል ነበር።

ሐሙስ መርማሪዋ መስኮቶቹን ራሷ ፈትሻ ማሽኑን አስከፈተች፤ ከዚያ ማግኔቱን አላቀቀች። በሩ ተዘጋ። ዳር ዳሩን በጣቷ ዳሰሰች፤ ክፍተት አልነበረም።

«ሕፃናቱ እዚሁ ይቆዩ» አለች።

በሩ ሲዘጋ ከተኙት አሥራ አንድ ሕፃናት የነቃው አንድ ብቻ ነበር።